«ኮምፒውተሩ ልክ ነው» የሚለው የሕግ ግምት ምንድን ነው?

በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በዮርክሻየር፣ ብሪድሊንግተን የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አለች። በ2003 (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሊ ካስልተን የሚባል ሰው እዚያ ፖስታ ቤት ያለበት ሱቅ ገዛ። ጥቂት ወራት እንደሠራ፣ ሳምንታዊ ሂሳቡን ሲዘጋ ኮምፒውተሩ «ጎድሎብሃል» ይለው ጀመር። ሳጥኑን ከፍቶ ቆጠረ፤ ደግሞ ቆጠረ። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አመሳከረ። ገንዘቡ የት እንደሄደ የሚያሳይ ነገር አጣ። ለፖስታ ቤቱ የእርዳታ መስመር 91 ጊዜ ደወለ። ጉድለቱ ግን እያደገ ሄዶ ከ25 ሺህ ፓውንድ አለፈ። በ2004 መጀመሪያ ወራት ከሥራ ታገደ፤ ቀጥሎም በፍትሐ ብሔር ተከሰሰ። ለጠበቃ የሚከፍለው ስላልነበረው ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፊት ቆሞ ራሱ ለራሱ ተከራከረ። በ2007 ተፈረደበት። ጉድለቱን ብቻ ሳይሆን ፖስታ ቤቱ ለክርክሩ ያወጣውን 321 ሺህ ፓውንድ ጭምር ክፈል ተባለ። ከየት አምጥቶ ይክፈል? ኪሳራ ታወጀበት።

ዳኛው በፍርዳቸው ላይ የሂሳብ ሥርዓቱ በዋና ዋና ነገሮች ሁሉ በትክክል ይሠራ እንደነበር፣ ገንዘቡም የጎደለው በካስልተን ወይም በረዳቶቹ ስህተት መሆን እንዳለበት ጻፉ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። በትክክል መሥራቱ በምን ታወቀ? ኮዱን ያነበበ የለም። የስህተት መዝገቡ ተሟልቶ ለተከሳሹ አልተሰጠም። ሰውየው የያዘው አንድ ነገር ቢኖር የሂሳብ ማሽኑ ያተመለት ወረቀት ነው፤ የተከሰሰውም በዚያው ወረቀት ነው።

መልሱ ያለው በአንድ አጭር የሕግ ሐሳብ ውስጥ ነው። ላስረዳ የምፈልገውም እሱን ነው፤ ምክንያቱም ብሪታንያ ውስጥ ከ900 በላይ የፖስታ ቤት ሰዎች በዚህ ሐሳብ ጥላ ሥር ተከሰው ጥፋተኛ ተብለዋል።

በተራ ንግግር «ግምት» ስንል መላ ምት ማለታችን ነው። ዝናብ ይዘንባል ብዬ እገምታለሁ እንደምንለው። የሕግ ግምት ግን ሌላ ነገር ነው። ፍርድ ቤት ማስረጃ ሳይቀርብለት እንደ እውነት ይዞት የሚነሳው ነገር ማለት ነው፤ «አይደለም» የሚል ወገን አለመሆኑን ማስረዳት አለበት። በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው ተብሎ ይገመታል። ተከሳሽ ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹህ ነው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ ግምት ማለት በተግባር ሸክም ማለት ነው፤ የማስረዳቱን ሸክም አንስቶ ወደ አንዱ ወገን ጫንቃ ያሸጋግረዋል። ግምቱ ለማን እንደተሰጠ ማወቅ ማን እንደሚለፋ ማወቅ ነው።

በእንግሊዝና በዌልስ የጋራ ሕግ (ከዳኞች ውሳኔ የተገነባው «ኮመን ሎው») ውስጥ ከቆዩት ግምቶች አንዱ ስለ መሣሪያ ነው። ተቃራኒ ማስረጃ ካልመጣ በስተቀር፣ አንድ ሜካኒካዊ መሣሪያ ጉዳዩ በተፈጸመበት ሰዓት በትክክል ይሠራ ነበር ተብሎ ይወሰዳል። ሰዓት፣ የመኪና ፍጥነት መለኪያ፣ የትራፊክ መብራት፣ እነዚህን ይመለከታል። ምክንያቱ አይከፋም። ቀይ መብራት ጥሶ ሰው የገጨ ሾፌር በተከሰሰ ቁጥር የመብራቱን ገመድ የዘረጋው ኤሌክትሪሽያን ምስክር ሆኖ ይቁም ቢባል ፍርድ ቤት ሥራ መሥራት አይችልም። ደግሞም መብራት ሲበላሽ ይታያል፤ ይጠፋል፣ ወይም አንዱ ቀለም ላይ ደርቆ ይቀራል። የቆመ ሰዓት መቆሙን ማንም አላፊ አግዳሚ ያየዋል።

ችግሩ የመጣው ኮምፒውተርንም ከሰዓትና ከመብራት እኩል የቆጠሩት ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ላይ እንዲህ አልነበረም። በ1984 የወጣው የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ 69ኛ አንቀጽ በተቃራኒው መንገድ ነበር የሄደው። ከኮምፒውተር የወጣ ሰነድ በወንጀል ችሎት ማስረጃ እንዲሆን ከተፈለገ፣ የሚያቀርበው ወገን ኮምፒውተሩ በትክክል ይሠራ እንደነበር፣ ወይም ጉድለት ከነበረበት ጉድለቱ ሰነዱን እንዳልነካው ማሳየት ነበረበት። ማለትም ሸክሙ በሰነዱ ባለቤት ላይ ነበር። ሕጉ ሲወጣ ኮምፒውተር ገና በየቢሮው አልገባም፤ የሕግ ሰዎቹ አዲሱን ነገር ተጠራጥረውት ነበር። ዛሬ ዞር ብዬ ሳየው ጥርጣሬያቸው ትክክል ነበር እላለሁ።

ነገር ግን ሕጉ በሥራ ላይ ሲውል ተቦረቦረ። በ1993 የጌቶች ምክር ቤት፣ በጊዜው የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት፣ አንድ የሱቅ ስርቆት ጉዳይ ቀረበለት። አንዲት ሴት ከማርክስ ኤንድ ስፔንሰር ዕቃ ወስዳለች ተብላ የተከሰሰችው ገንዘብ መቀበያ ማሽኑ ባተመው ጥቅል ወረቀት ላይ የዕቃዎቹ ሽያጭ ስለማይገኝ ነው። ማሽኑ በትክክል መሥራቱን ማን ይመስክር? የሱቁ ጥበቃ ሠራተኛ ቀርባ «ችግር አላጋጠመንም» አለች። ጌቶቹም በቂ ነው አሉ፤ የኮምፒውተሩን አሠራር በዕለት ሥራዋ የምታውቅ ሰው ከሆነች ባለሙያ መሆን አያስፈልጋትም። ለአንዲት የሱቅ ማሽን ይህ ያስኬድ ይሆናል። ግን ከዚያ በኋላ አንቀጽ 69 ጥርሱ የወለቀ ሕግ ሆነ።

ቀጥሎ የሕግ ኮሚሽኑ፣ ማለትም የአገሪቱን ሕጎች መርምሮ ይሻሻሉ የሚለው አካል፣ በ1997 ባወጣው ሪፖርት አንቀጹ እንዲሻር ሐሳብ አቀረበ። አብዛኛው የኮምፒውተር ስህተት ወይ ለተጠቃሚው ወዲያው ይታያል፣ ወይ ደግሞ መረጃ ሲገባ በሰው የተፈጠረ ነው የሚል እምነት ነበር ከኋላው። ፓርላማውም በ1999 ሕግ አንቀጹን ሻረው፤ ሽረቱ በአፕሪል 2000 ሥራ ላይ ዋለ። በምትኩ የተጻፈ አዲስ ነገር አልነበረም። አንቀጹ ሲነሳ ከሥሩ ያ ስለ ሰዓትና ስለ መብራት የተባለው አሮጌ ግምት ብቅ አለና ኮምፒውተሩን ከነሙሉ ክብሩ ተቀበለው። የተሻረው ለሱቅ ማሽንና ለስካር መለኪያ ጉዳይ መንዛዛት መፍትሔ ተብሎ ነበር። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው ግን በዚያ ክፍት የገባው ሌላ ነው።

ምክንያቱም በዚያው በ1999 እና በ2000 ነው ፖስታ ቤቱ ሆራይዘን የተባለውን የሂሳብ ሥርዓት በአገሪቱ ቅርንጫፎች ሁሉ የተከለው። ሆራይዘን የተወለደው ከሌላ የከሸፈ ውጥን ነው። በ1996 መንግሥት ጡረታና ድጎማ በፖስታ ቤት በኩል በካርድ እንዲከፈል አስቦ አይሲኤል ለተባለው የብሪታንያ ኩባንያ ሥራውን ሰጠ፤ ኩባንያው ኋላ በጃፓኑ ፉጂትሱ ስም ተጠራ። የካርዱ ነገር በ1999 ተሰረዘ። የተረፈው የፖስታ ቤቶቹ ሂሳብ መያዣ ሆነ። በየመንደሩ ሱቅ ጥግ ቆመው ቴምብር የሚሸጡ፣ ጡረታ የሚከፍሉ፣ ሒሳባቸውን በወረቀት የሚይዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ስክሪን ፊት ተቀመጡ። እነዚህ ሰዎች የፖስታ ቤቱ ደሞዝተኞች አይደሉም፤ ሱቁ የራሳቸው ነው፣ ከፖስታ ቤቱ ጋር ውል አላቸው። ውሉ ደግሞ በእነሱ ስህተት ወይም ቸልተኝነት የጎደለን ገንዘብ ከኪሳቸው እንዲተኩ ያስገድዳል። ፖስታ ቤቱ ውሉን ሲያነብ ግን «የጎደለ ሁሉ» ብሎ ነው ያነበበው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኮምፒውተር ለምን እንደ ሰዓት አይቆጠርም?

ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁሉ መልሱን በቆዳው ያውቀዋል። በ1949 ካምብሪጅ ውስጥ፣ ኤድሳክ የተባለው ከዓለም የመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች አንዱ ሥራ በጀመረበት ወራት፣ የሠራው ሰው ሞሪስ ዊልክስ በማሽኑ ክፍልና ፕሮግራም በሚጻፍበት የወረቀት መብሻ መካከል ሲመላለስ ደረጃው መታጠፊያ ላይ አንድ ሐሳብ መታው። ቀሪ ዕድሜው፣ ወይም ደህናው ክፍሉ፣ የራሱን ፕሮግራሞች ስህተት ሲፈልግ እንደሚያልፍ ገባው። ሃያ ዓመት ቆይቶ በ1969 ሮም ላይ በተደረገ ጉባኤ ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ ሙከራ ስህተት መኖሩን እንጂ አለመኖሩን ሊያሳይ አይችልም አለ። ሁለቱም የተባሉት ሆራይዘን ከመጠንሰሱ አሥርት ዓመታት በፊት ነው። የኮምፒውተር ሰዎች ያላወቁት ነገር አልነበረም፤ ችሎት ድረስ አልደረሰም እንጂ።

ሰዓት ሲበላሽ የሚበላሸው አርጅቶ ነው። አንድ ጥርስ ይሰበራል፣ ሞላው ይላላል፣ ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ ስህተት ይናገራል። ሶፍትዌር አያረጅም። ስህተቱ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ውስጡ አለ፤ ሁለትና ሦስት ነገሮች በአንድ ቅጽበት እስኪገጥሙለት ድረስ ይተኛል። ሲነቃ አንዷን ቁጥር ያዛባል፣ ተመልሶ ይተኛል። በማግስቱ መርማሪ ቢመጣ ሁሉም ደህና ነው። በሌላ ቅርንጫፍ ቢሞከር ሁሉም ደህና ነው። «ሥርዓቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ሂሳብ በትክክል ይሠራል» ማለት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ያቺ የአንዲት ሴት ረቡዕ ማታ ሂሳብ ልክ ነበረች ማለት ግን አይደለም። ክስ የሚመሠረተው በሚሊዮኑ ላይ አይደለም፣ በእሷ ረቡዕ ላይ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። ስኮትላንድ ውስጥ ዳልሜሊንግተን በምትባል መንደር፣ በ2015፣ አንዲት የፖስታ ቤት ኃላፊ ስምንት ሺህ ፓውንድ ከዋናው ቅርንጫፏ ወደ ትንሿ ንዑስ አገልግሎት መስጫ ልታስተላልፍ ፈለገች። የገንዘብ ከረጢቱን ባርኮድ አነበበች፣ ማረጋገጫ ቁልፉን ተጫነች። ስክሪኑ አልሄደም። እንደማናችንም ደግማ ተጫነች፤ ደግማም። አራት ጊዜ። ሥርዓቱ ምንም ሳይናገር አራቱንም እንደ አራት የተለያዩ ዝውውሮች መዘገባቸው፤ በመዝገቡ 32 ሺህ ፓውንድ ተቀበለች ተባለ፣ እጇ ላይ ያለው ስምንት ሺህ። 24 ሺህ ጎደለባት ማለት ነው። ያ ስህተት ከ2010 ጀምሮ ሥርዓቱ ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ በሌሎች ቅርንጫፎችም ላይ ደርሷል። ፎልከርክ ከተማ የካሌንደር ስኩዌር ቅርንጫፍ ላይ በ2005 የታወቀው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። በአንድ ቅርንጫፍ ያሉ ሁለት ኮምፒውተሮች መረጃ መለዋወጥ ያቆሙና አንዱ መስኮት ላይ የተሠራው ዝውውር ሌላው ላይ አይታይም፤ ሠራተኛው አልተሠራም ብሎ ይደግመዋል፣ ሂሳቡም ይዛባል። የእሱ ሥር እስከ 2000 ድረስ ይሄዳል።

በሃምፕሻየር ሳውዝ ዋርንቦሮ መንደር የነበረችው ጆ ሃሚልተን ያየችው ግን ከሁሉም ይከብደኛል። ሁለት ሺህ ፓውንድ ግድም ጎድሎ ስታገኝ ለእርዳታ መስመሩ ደወለች። በስልኩ የተነገራትን እየተከተለች ቁልፎቹን ስትጫን ጉድለቱ ዓይኗ እያየ በእጥፍ ጨመረ። የመጨረሻው ክስ ከ36 ሺህ ፓውንድ በላይ ነበር። በስርቆት ተከሳ ነበር፤ ስርቆቱን እንተውልሽና ሐሰተኛ ሂሳብ ማቅረቡን እመኚ ሲሏት እስር ቤትን ፈርታ አመነች። ብዙዎቹ የተፈረደባቸው እንዲህ ነው፤ ሳይሰርቁ፣ በገዛ ቃላቸው።

እዚህ ላይ ግምቱ የሚያደርገውን በደንብ ማየት ይገባል። ሕጉ «ተቃራኒ ማስረጃ ካልቀረበ በስተቀር» ይላል። ሲያነቡት ፍትሐዊ ይመስላል፤ በር ክፍት ነው፣ ማስረጃህን ይዘህ ግባ። ግን ማስረጃው የት ነው ያለው? የፕሮግራሙ ኮድ ፉጂትሱ ቢሮ ነው። የስህተት መዝገቡ ፉጂትሱ ቢሮ ነው። የእያንዳንዱን ቁልፍ ንክኪ የሚያሳየው ዝርዝር መረጃ የሚወጣው በፖስታ ቤቱ ጥያቄ ነው። ከሳሹ ፖስታ ቤቱ ራሱ ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ድርጅት የግል የወንጀል ክስ መመሥረት ስለሚችል መርማሪውም ዐቃቤ ሕጉም ገንዘቤ ጠፋ ባዩም አንድ ነበር። ተከሳሹ የተለየ ነገር እንዲጠይቅ ስህተቱ ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት፤ ስህተቱ ምን እንደሆነ ለማወቅ መረጃው ሊሰጠው ይገባል። መረጃውን ሲጠይቅ «ምን አስጠረጠረህ?» ይባላል። ከዚህ ቀለበት ማንም የመንደር ባለሱቅ መውጣት አይችልም። ደግሞም ብዙዎቹ እርዳታ ሲጠይቁ እንዲህ ያለ ችግር ያጋጠማቸው እነሱ ብቻ እንደሆኑ ተነግሯቸዋል።

ሱሪ አውራጃ ውስጥ የዌስት ባይፍሊት ፖስታ ቤት ኃላፊ የነበረችው ሲማ ምስራ ግን በሩን አጥብቃ አንኳክታ ነበር። ጠበቆቿ መረጃ ጠየቁ፣ የኮምፒውተር ባለሙያም አቀረቡ። ዳኝነቱ ቀጠለ፤ የጊልድፎርድ ችሎት ሸንጎ (ጁሪ) በ2010 ጥፋተኛ አላት። 15 ወር እስራት ሲፈረድባት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ቀኑም የልጇ አሥረኛ ዓመት ልደት ነበር። በዚያው በ2010 መጸው የፖስታ ቤቱና የፉጂትሱ ሰዎች 62 ቅርንጫፎችን የነካ አንድ የሂሳብ ስህተት ላይ ተሰብስበው ተነጋግረዋል። የስብሰባው ማስታወሻ ላይ ከሰፈሩት ስጋቶች አንዱ፣ ነገሩ ከታወቀ ቅርንጫፎቹ ሌላም ጉድለት ሲመጣባቸው ሆራይዘንን ለመውቀስ ይጠቀሙበታል የሚል ነው። ሸንጎው ይህን አልሰማም።

ሁለት ግምቶች እዚህ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ሰው ንጹህ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ማሽኑም ልክ ነው ተብሎ ይገመታል። ከገንዘቡ መጉደል ሌላ ማስረጃ በሌለበት ጉዳይ ሁለቱ አብረው መቆም አይችሉም። ማሽኑ ልክ ከሆነ ገንዘቡ በእርግጥ ጠፍቷል፤ ገንዘቡ ከጠፋ በእጇ የነበረው ሴት ወስዳዋለች። ሰረቀች ለማለት የተገዛ ነገር፣ የተገኘ ገንዘብ፣ ያየ ሰው አላስፈለገም። ስለዚህ የማሽኑ ግምት የሰውን ግምት በላው። ለእኔ የዚህ ሁሉ ታሪክ እምብርት ይህ ነው፤ ፉጂትሱ መጥፎ ፕሮግራም መጻፉ አይደለም። መጥፎ ፕሮግራም ሁሉም ይጽፋል፤ እኔም ጽፌ አውቃለሁ።

በእኛም ቋንቋ «ሲስተም» የሚለው ቃል ከገባ ወዲህ የዓረፍተ ነገር ባለቤት ሆኗል። ሲስተሙ አልተቀበለውም፣ ሲስተሙ እንዲህ ነው የሚለው፣ ሲስተም የለም። ሰው የሠራው፣ ሰው የሚያስተካክለው ነገር መሆኑ በአነጋገሩ ውስጥ ይጠፋል። ፖስታ ቤቱም አንድ ቃል ነበረው፤ ለጋዜጠኛም ለፓርላማም ለችሎትም ሆራይዘን «ጠንካራ» ነው ይል ነበር። ጠንካራ ማለት ስንት ስህተት ያለበት ማለት ነው? ቁጥር የለውም፣ መለኪያ የለውም። ጠረጴዛ ጠንካራ ሊባል ይችላል። ሰው እስር ቤት የሚያስገባ የሂሳብ መዝገብ ግን በዚህ ቃል ሊመዘን አይገባም።

ነገሩ እንዴት ተገለበጠ? በዝግታ። ዌልስ ላንዲድኖ አጠገብ ፖስታ ቤት የነበረው አለን ቤትስ በ2003 ውሉ ሲቋረጥ አልተቀመጠም፤ እንደ እሱ ያሉትን እያፈላለገ ሰበሰበ። በ2009 ኮምፒውተር ዊክሊ የተባለው የሙያ መጽሔት የሰባት ሰዎችን ታሪክ አወጣ። ፖስታ ቤቱ ሙሉ በሙሉ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ሆኖም ጉዳዩን በኃላፊነት የያዙ ሚኒስትሮች ለረጅም ጊዜ የድርጅቱ የውስጥ ሥራ ነው እያሉ እጃቸውን ሰበሰቡ። የግራውም የቀኝም የመሃሉም ፓርቲ ሰዎች በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በመጨረሻ 555 ሰዎች አንድ ላይ ከሰሱ፣ በዲሴምበር 2019 ዳኛ ፒተር ፍሬዘር የሆራይዘንን ስህተቶች አንድ በአንድ የዘረዘረ ፍርድ ሰጡ። የመጀመሪያው ሆራይዘን በፍጹም ጠንካራ አልነበረም አሉ። የፖስታ ቤቱን አቋም በ21ኛው ክፍለ ዘመን ምድር ጠፍጣፋ ናት ብሎ ከመከራከር ጋር አመሳሰሉት። የፉጂትሱ ሰዎች ከሩቅ ሆነው በቅርንጫፍ ሂሳብ ውስጥ ባለቤቱ ሳያውቅ ግብይት ማስገባት ይችሉ እንደነበርም ተረጋገጠ፤ ፖስታ ቤቱ ለዓመታት ይህ አይቻልም ሲል ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2021 የ39 ሰዎችን ፍርድ ሻረ። በ2024 መጀመሪያ ታሪኩ በቴሌቪዥን ድራማ ከታየ በኋላ ሕዝቡ ተቆጣ፣ ፓርላማውም በዚያው ዓመት ሜይ ከቀሩት ፍርዶች አብዛኞቹን በጅምላ የሚሰርዝ ሕግ አወጣ። በ2025 የወጣው የአጣሪ ጉባኤው የመጀመሪያ ክፍል ሪፖርት ቢያንስ 13 ሰዎች በዚህ የተነሳ ራሳቸውን አጥፍተው ሊሆን እንደሚችል ይገልጻል።

ፖስታ ቤት ብቻ አይደለም። ዌልስ፣ ብሪጅንድ ውስጥ ባለ ሆስፒታል ነርሶች የሕሙማንን የስኳር መጠን ሳይለኩ ለክተናል ብለው በወረቀት ጽፈዋል ተብለው ተከሰሱ። ወረቀቱ ላይ ያለው ልኬት ኮምፒውተሩ ውስጥ አልተገኘም፤ ስለዚህ ወረቀቱ ውሸት ነው ተባለ። ጥፋታቸውን ያመኑ ነርሶች ነበሩ። በ2015 ካርዲፍ ችሎት የቀረቡት ሁለቱ ግን ተከራከሩ፣ ሃሮልድ ቲምብልቢ የተባሉ የኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮፌሰርም መዝገቡን መረመሩ። የመሣሪያው አምራች ቴክኒሻን መጥቶ የመረጃ ቋቱን ሲያጸዳ መዝገቦች መሰረዙ ተገለጠ። ዳኛው የኮምፒውተሩን ማስረጃ ውድቅ አደረጉ፤ ነርሶቹም ነጻ ወጡ። አንድ የሚመረምር ሰው መገኘቱ ብቻ ነው ልዩነቱ።

እንግዲህ ምን ይደረግ የሚለው ላይ ቲምብልቢን ጨምሮ የኮምፒውተርና የሕግ ምሁራን በፍትሕ ሚኒስቴሩ ተጠይቀው በ2020 አንድ ሐሳብ አቅርበዋል። ሲጠቃለል በሁለት ደረጃ ነው። በኮምፒውተር ማስረጃ የሚከስ ወገን መጀመሪያ ያለ ብዙ ክርክር መደበኛ ሰነዶችን ያቅርብ፤ የታወቁ ስህተቶች ዝርዝር፣ ስህተት ሲገኝ ምን እንደሚደረግ፣ ማን መረጃ መቀየር እንደሚችል፣ ለውጡ የት እንደሚመዘገብ። ደህና የሚሠራ ድርጅት ይህን በእጁ ይዞታል፤ ከሌለው አለመኖሩ ራሱ ይናገራል። ከዚያ ጥርጣሬ ካለ ወደ ጥልቁ ምርመራ ይኬዳል።

የሚነሳው ተቃውሞ እንዲህ ከሆነ በየቀኑ የሚመጣው የፍጥነት ካሜራና የትንፋሽ መለኪያ ክስ ሁሉ ይቆማል የሚል ነው። ተቃውሞው ባዶ አይደለም፤ ግን ሁለቱን አንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ አይገባም። የትንፋሽ መለኪያ አንድ ነገር ብቻ የሚለካ፣ ተፈትኖ ፈቃድ ያገኘ፣ የሚመረመር ትንሽ መሣሪያ ነው። በሺዎች በሚቆጠሩ መስኮቶች ላይ የተዘረጋ፣ በየወሩ ኮዱ የሚነካካ የሂሳብ ሥርዓት ሌላ ፍጡር ነው። ለሁለቱ አንድ ግምት መስጠት በሬና ጥንቸልን በአንድ ቀንበር መጥመድ ነው። የፍትሕ ሚኒስቴሩም በጃንዋሪ 2025 ሕዝብና ባለሙያ አስተያየት እንዲሰጥ ጥሪ ሲያወጣ ይህን ልዩነት ከጥያቄዎቹ መካከል አስገብቶታል።

ብዙ የሚወራለት ባይሆንም ሁልጊዜ የሚታወሰኝ የ555ቱ ክርክር አንድ ዝርዝር አለ። ፉጂትሱ የታወቁ ስህተቶች መዝገብ ነበረው፤ ሠራተኞቹ አንድ ችግር ሲያጋጥማቸው ቀድሞ የታየ እንደሆነ የሚፈልጉበት፣ ከዓመት ዓመት የተጠራቀመ። ከሳሾቹ ይህን መዝገብ ስጡን ሲሉ በፖስታ ቤቱ በኩል መጀመሪያ የተሰጠው መልስ መዝገቡ ከጉዳዩ ጋር የማይገናኝ፣ ትኩረት የሚያስት ነገር ነው የሚል ነበር። ከብዙ ጉትጎታ በኋላ ወጣ። በሺዎች የሚቆጠሩ ገጾች። ካስልተን 91 ጊዜ ሲደውል፣ ከስልኩ ወዲያኛው ጫፍ ባለው ድርጅት ውስጥ፣ ያ መዝገብ ነበረ።